የሬንጁን ፓምፕ በየውጤቱ አይነካኩት

ጥያቄው ከአንድ የአስፋልት ድብልቅ ማምረቻ ኦፕሬተር የመጣ ነው፦ «የሬንጁ መጠን 5.2 በመቶ፣ የሚፈቀደው ልዩነት ወደ ላይም ወደ ታችም 0.3 ነው። የቤተ ሙከራ ውጤት በደረሰኝ ቁጥር ፓምፑን አስተካክላለሁ፤ መዋዠቁ ግን ብሶበታል።»

እባክዎን ፓምፑን ይተዉት። የተረጋጋ ማምረቻም ቢሆን ውጤቱ ከፍ ዝቅ ማለቱ አይቀርም። 5.4 አይተው 0.2 ቢቀንሱ፣ ቀጥሎ በራሱ 5.1 ሊሆን የነበረው 4.9 ይሆናል፤ ከዚያ ደግሞ መልሰው ይጨምራሉ። ልዩነቱ የአጋጣሚ ብቻ ከሆነ፣ እያንዳንዱን ውጤት እንዲህ ማሳደድ መደበኛ ልይይቱን፣ ማለትም ውጤቶቹ ከአማካያቸው የሚበተኑበትን መጠን፣ ወደ 1.4 እጥፍ ያደርሰዋል።

ሳይነኩ 20 ያህል ተከታታይ ውጤቶችን ይመዝግቡ። ከተፈቀደው ወሰን ውጭ የወጣ ካለ ግን ምርቱን ያቁሙና ምክንያቱን ይፈልጉ። በእያንዳንዱ ውጤትና በቀጣዩ መካከል ያለውን ልዩነት (የመቀነስ ምልክቱን ትተው) አስልተው አማካዩን በ2.66 ያባዙ፤ ከውጤቶቹ አማካይ ወደ ላይና ወደ ታች ያን ያህል ርቀት የማምረቻው የተፈጥሮ ወሰን ነው። አማካይ ልዩነቱ 0.15 ቢሆን ወሰኑ 0.4 ይመጣል፤ ከተፈቀደው 0.3 ይሰፋል ማለት ነው። ፓምፑ ደግሞ አማካዩን ያዛውራል እንጂ ስፋቱን አያጠብም። አማካዩ ራሱ ከ5.2 ርቆ ከተገኘ በርቀቱ ልክ አንድ ጊዜ ያስተካክሉና ይተዉት።

ስፋቱ ከየት መጣ? እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ናሙና አወሳሰዱን ነው። ድብልቁ በገልባጭ መኪናው ላይ ሲቆለል ሻካራው ጠጠር ተንከባሎ ከክምሩ ግርጌ ይሰበሰባል። ከዚያ በአካፋ የተዛቀ ናሙና ጠጠር ይበዛዋል፤ ሬንጅን አብዝቶ የሚይዘው ደቃቁ ስለሆነ ውጤቱ ዝቅ ይላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ የሬንጁን መጠንና በ2.36 ሚሊ ሜትር ወንፊት ያለፈውን መቶኛ በአንድ ግራፍ ላይ ያስቀምጡ። ሁለቱ አብረው ከወጡና ከወረዱ ጣጣው የፓምፑ ሳይሆን የጠጠሩና የደቃቁ መለያየት ነው።

አብረው ካልሄዱ አንዱን ናሙና በደንብ አደባልቀው ለሁለት ይክፈሉና ሁለቱንም ያስፈትሹ፤ በመካከላቸው የሚታየው ልዩነት በአብዛኛው የፍተሻው ነው። የድረም ማምረቻ (ጠጠሩና ሬንጁ በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ ሳይቋረጥ የሚደባለቁበት) ከሆነ የጠጠሩን እርጥበትም አይርሱ። መቆጣጠሪያው 3 በመቶ ተብሎ ሲነገረው ክምሩ ከዝናብ በኋላ 5 በመቶ ውሃ ቢይዝ፣ ሚዛኑ ውሃውን እንደ ጠጠር ስለሚቆጥረው ፓምፑ ሳይነካ ሬንጁ ከ5.2 ወደ 5.3 ይወጣል። ስለዚህ እርጥበቱን በየማለዳው፣ ዝናብ በጣለ ጊዜም ወዲያው ይለኩ።