የሕግ አምድ፦ የጋብቻ ወረቀት

ጥያቄ፦ ቤተሰቤ ከካዛንቺስ ተነስቶ ገላን ጉራ ከገባ አራት ወሩ ነው። እጮኛዬ ተወልዳ ያደገችው አራት ኪሎ ነው፤ አሁንም እዚያው ትኖራለች። በክብር መዝገብ፣ ማለትም በወረዳ ሹም ፊት፣ ለመጋባት ከአምስት ሳምንት በኋላ ቀን ቆርጠናል። የት እንመዝገብ? ምን እንያዝ?

መልስ፦ በእጮኛዎ ወረዳ ተመዝገቡ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) የሚጠይቀው ከሁለት አንዳችሁ፣ ወይም ከወላጆቻችሁና ከቅርብ ዘመዶቻችሁ አንዱ፣ ጋብቻው በሚፈጸምበት ቦታ ቢያንስ ስድስት ወር በተከታታይ መኖሩን ነው። የእርስዎ አራት ወር አይበቃም፤ የእሷ ይበቃል።

የሚያሳስበን አምስቱ ሳምንት ነው። ሕጉ ጋብቻው ከመፈጸሙ ቢያንስ አንድ ወር ቀድማችሁ ለክብር መዝገብ ሹሙ አሳውቁ ይላል፤ ሹሙም ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ ማስታወቂያ ያወጣል። ስለዚህ በዚሁ ሳምንት ሁለታችሁም ሂዱ። ለአዳራሽ ቀብድ ከፍለው ኋላ ወረዳ የሚሄዱ ብዙ ናቸው፤ ቀን መቆረጥ ያለበት ግን መጀመሪያ ወረዳ ነው።

የታደሰ የነዋሪነት መታወቂያ፣ ያላገባ ማስረጃና ጉርድ ፎቶግራፍ ያዙ። ያላገባ ማስረጃ የሚጻፈው ፋይልዎ ካለበት ወረዳ ስለሆነ፣ ፋይልዎ ከካዛንቺስ ወደ አዲሱ ወረዳ መግባቱን ዛሬውኑ ያጣሩ። መሸኛ ተጽፎ ፋይሉ ካልደረሰ፣ አንዱ ወረዳ «ልከናል» ሌላው «አልደረሰንም» ሲል ሳምንቱ ያልቃል።

በዕለቱ ከየወገኑ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ አራት ምስክሮች መታወቂያቸውን ይዘው ይቀርባሉ። ሚዜ ምስክር መሆን ይችላል፤ መታወቂያው ያልታደሰ ሚዜ ግን ሁላችሁንም ያስመልሳልና ተጠባባቂ ሰው ይኑራችሁ።

ከመፈረማችሁ በፊት መዝገቡን ፊደል በፊደል አንብቡ። መታወቂያው «ገ/ማርያም»፣ ፓስፖርቱ «ገብረማርያም» ካለ ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ውጭ አገር ለሚያየው ግን ሁለት ነው። የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ላይ አስገልብጡ።

የጋብቻ ውል ካሰባችሁ ደግሞ በጽሑፍ ሆኖ፣ በአራት ምስክር ፊት፣ ከጋብቻው በፊት ወይም በዕለቱ ይፈረም። ከዚያ በኋላ በባልና ሚስት መካከል የሚደረግ ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም።

ጥያቄ፦ በተክሊል ከተጋባን ሰባት ዓመታችን ነው፤ ወረዳ ግን አልሄድንም። አንድ ወዳጃችን «ያላገባ ማስረጃ አውጡና እንደ አዲስ ተፈራረሙ፤ ይቀላል» አለን። ይሻላል?

መልስ፦ በፍጹም አታድርጉት። ጋብቻችሁ ዛሬም የጸና ነው፤ ሕጉ በሃይማኖትም በባህልም የተፈጸመን ጋብቻ ያውቃል። የጎደለው ምዝገባው ብቻ ነው። በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ (ቁጥር 760/2004) መሠረት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ ነበረበት፤ ቀኑ ቢያልፍም ይመዘገባል። የቤተ ክርስቲያኑን የጋብቻ ማስረጃ፣ መታወቂያችሁንና ምስክሮቻችሁን ይዛችሁ ሁለታችሁም ቅረቡ፤ ሰርተፍኬቱ ላይ የተክሊሉ ቀን መስፈሩን አረጋግጡ።

እንደ አዲስ ብትፈራረሙ መጀመሪያ ነገር «አላገባሁም» ብላችሁ ሐሰት ትፈርማላችሁ። ሁለተኛውና የሚጎዳችሁ የንብረቱ ነው። በሕጉ አንዱ ከጋብቻ በፊት የነበረው የግሉ፣ በጋብቻ ውስጥ በሥራ የተገኘው የጋራ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አብራችሁ ቤት ገዝታችሁ ካርታው በባል ስም ወጥቷል እንበል። ሰርተፍኬቱ የዛሬን ቀን ከያዘ ቤቱ ከጋብቻ በፊት የተገዛ ይመስላል፤ ሚስት ድርሻዋን ለማግኘት የሰባት ዓመት ትዳሯን በምስክር ልታስረዳ ነው። ባል ቢሞት ከወራሾች ጋር የሚነሳው ክርክርም ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ከመጀመሪያው ባለቤቴ ጋር በሽማግሌ ተለያይተናል፤ ተፈራርመናልም። ወረዳው ያላገባ ማስረጃ ከለከለኝ።

መልስ፦ ወረዳው ትክክል ነው። ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ያስማማል፤ ጋብቻን ማፍረስ ግን የፍርድ ቤት ሥልጣን ነው። የተፈራረማችሁበትን ሰነድ አያይዛችሁ በስምምነት ለመፋታት ለፍርድ ቤት አመልክቱ፤ ውሳኔውን ይዘው ፍቺውን በወሳኝ ኩነት ያስመዝግቡ። ሴት ከፍቺ በኋላ እንደገና ለማግባት 180 ቀን እንድትቆይ ሕጉ ያዝዛል፤ ነፍሰ ጡር አለመሆንዎ በሐኪም ከተረጋገጠ ግን መቆየት አያስፈልግዎትም።