በኮቪድ ጊዜ በኦንላይን የተወሰደ ኮርስ ለአሜሪካ ሜዲካል ስኩል ይሆናል ወይ?

ከደብረ ማርቆስ የጠየቅሽው እታለም፣ ጥያቄሽን ሳነበው የራሴ ጉድ ትዝ አለኝ። አሜሪካ ኮሌጅ እያለሽ ኮቪድ መጣና ኬሚስትሪና ባዮሎጂን በኦንላይን ጨረስሽ። አሁን የቀረሽን ፊዚክስም ቤተሰብ ጋ ሆነሽ በኦንላይን ልትወስጂ አስበሻል። ሜዲካል ስኩሎች ይቀበሉኛል ወይ ነው ያልሽው።

የኮቪዱ ጊዜ ብዙም አያስጨንቅሽ። እኔን ያሳሰበኝ ፊዚክሱ ነው።

መጋቢት 2012 አሜሪካ ያለው ኮሌጃችን ሲዘጋ እናቴ «ከሞትንም አብረን» ብላ አላስቀምጥ አለችኝና ፍኖተ ሰላም ገባሁ። የኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ቀሪ ግማሽ የተማርኩት ጓዳ ውስጥ ነው። እዚያ የማታው ክፍለ ጊዜ ሲጀመር እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ይሆናል። መብራት ከሄደ ደግሞ በስልኬ እከታተላለሁ፣ ቻርጅ እስኪያልቅ።

ላቡ፣ ማለትም የላቦራቶሪ ክፍሉ፣ ያስቅ ነበር። ዲስትሌሽን (ፈሳሽ አፍልቶ እንፋሎቱን አቀዝቅዞ መለየት) በቪዲዮ ያሳዩናል፣ ቁጥሩን ይሰጡናል፣ እኛ ሪፖርት እንጽፋለን። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤታችን እትዬ አረቄ ያወጣሉ! አንድ ቀን ሄጄ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ለምን ኃይለኛ እንደሆነ፣ እየቆየ ለምን እንደሚቀጥን የገባኝ ያኔ ነው።

ለሰመር ፊዚክስ ተመዝግቤ ነበር። ሰኔ መጨረሻ ላይ በሀገሪቱ ኢንተርኔት ሲቋረጥና ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቆይ ከክፍሉ ጠፋሁ። ትራንስክሪፕቴ ላይ ደብልዩ ተጻፈብኝ፤ ኮርሱን አቋርጧል ማለት ነው።

ሳመለክት ያየሁትን ልንገርሽ። በፈረንጆቹ ለ2020 የጸደይ ሴሚስተር፣ ኮቪድ ለመጣበት ማለት ነው፣ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ኦንላይንም፣ ያለ ፊደል ውጤት የተሰጠ «ፓስ»ም (አልፏል ብቻ የሚል) ተቀብለዋል። አንዳንዶቹ ወደ 2021 አራዝመውታል። ግን ቃላቸው አንድ አልነበረም። «ፓስ»ን የሚቀበሉት ኮሌጁ በተማሪዎቹ ሁሉ ላይ ግዴታ ካደረገው ብቻ ነው ያሉ ነበሩ። በፈቃድሽ የመረጥሽው ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ የወሰድሽበት ሴሚስተር የትኛው እንደሆነና ኮሌጅሽ ያኔ ምን ብሎ እንደነበር አጣሪ።

አሁን ያ ሁሉ ይቅርታ እንዳለ ነው ብለሽ አትገመቺ። ዛሬም ኦንላይን የሚቀበሉ አሉ፣ ላቡን ግን በአካል የሚሉ ብዙ ናቸው። አንድ ትምህርት ቤት በስልክ «የኦንላይን ላብ ችግር የለውም» ብሎኝ፣ የማመልከቻ ገንዘቤን ከበላ በኋላ «አይሆንም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው በኢሜይል ብቻ ነው፤ መልሱንም አስቀምጣለሁ። መነሻ የሚሆንሽ የአሜሪካ ሜዲካል ኮሌጆች ማኅበር የሚያወጣው ኤምሳር የሚባለው ዝርዝር ነው፤ የየትምህርት ቤቱ መስፈርት እዚያ አለ።

ከደብረ ማርቆስ ወይም ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ወስጄ ልሙላ ካልሽ ግን ተዪው። ትምህርቱን ማናናቄ አይደለም። ማመልከቻውን የሚሰበስበው አምካስ በቀጥታ ከውጭ ሀገር የመጣ ውጤት አያረጋግጥም፣ ብዙዎቹም የአሜሪካ ወይም የካናዳ ክሬዲት ነው የሚፈልጉት። (ይህን ለእናቴ ማስረዳት አቅቶኛል። እዚህ ከ12ኛ ክፍል በኋላ ሌላ ዲግሪ ሳይያዝ ሕክምና ይገባል፤ እዚያ መጀመሪያ ዲግሪ ይያዛል። «እና መቼ ነው የምትጀምረው?» ትለኛለች።)

እኔ ስመለስ ፊዚክሱን ከነላቡ በአካል ወሰድኩ፣ ባዮኬሚስትሪም ጨመርኩበት። ኦርጋኒኩን በኦንላይን አጭበርብሮ ነው ያለፈው እንዳይሉኝ ነበር። የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተናው ኤምካትም ረድቶኛል፤ በኮቪድ ጊዜም ቢሆን በፈተና ማዕከል እንጂ ቤት ሆኖ የሚሰጥ አልነበረም፣ ስለዚህ ውጤቱን የሚጠራጠር የለም። ኢንተርቪው ላይ ስለ ደብልዩዋ ሲጠይቁኝ የኢንተርኔቱን ነገር እንዳለ ነገርኳቸው። የአረቄዋን ወሬም ጣል አደረግኩ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ብዙም አልጠየቁኝም።

ፊዚክሱን ገና ካልተመዘገብሽ ቆይ በይው። ልታመለክቺባቸው ያሰብሻቸውን ትምህርት ቤቶች ስም በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ያኔ የላክሁትን ኢሜይል አሳይሻለሁ።