የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ያልተለመዱ የፖኬሞን ጥምረቶች ሲመቱና ሲመቱባቸው

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ጥምር ዓይነቶች ናቸው። ዛሬ በፖኬሞን ጨዋታዎች ውስጥ 18 ዓይነቶች አሉ። አንድ ፖኬሞን አንድ ወይም ሁለት ዓይነት ስለሚይዝ 18 ነጠላና 153 ጥንድ፣ በድምሩ 171 አማራጮች ይኖራሉ። የሁሉም ስሌት ማባዛት ነው። የሚመጣው ጥቃት በመጀመሪያው ዓይነት ላይ ያለውን ቁጥር (2፣ 1፣ ግማሽ ወይም 0) ይወስዱና በሁለተኛው ዓይነት ላይ ባለው ያባዙታል። ስለዚህ ውጤቱ 4 እጥፍ ድረስ ሊወጣ፣ ሩብ ድረስ ሊወርድ ይችላል፤ አንዱ ዜሮ ከሆነ ግን ሌላው ምንም ቢሆን ጥቃቱ አይነካም።

ጥያቄ፦ ስኖምን አሳድጌ ፍሮስሞዝ አደረግሁት። በረዶና ነፍሳት የሆነ ሌላ ፖኬሞን ስለማላውቅ ጥምረቱ ጠንካራ መስሎኝ ነበር። ገና ሜዳ ሲገባ ግማሽ ደሙ ይሄዳል፤ ከዚያ በአንድ ምት ይወድቃል። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ ግማሽ ደሙን የሚወስደው ስቴልዝ ሮክ ነው። ባላጋራዎ ይህን የዐለት ወጥመድ አንዴ ካነጠፈ፣ በእርስዎ በኩል የሚገባ ፖኬሞን ሁሉ ለዐለት ባለው ድክመት ልክ ይጎዳል። በተለመደው ሁኔታ ከሙሉ ደም 12.5 በመቶ፣ ዐለት እጥፍ ለሚመታው 25 በመቶ፣ 4 እጥፍ ለሚመታው 50 በመቶ ነው። በረዶም ነፍሳትም ለዐለት ደካሞች ስለሆኑ ፍሮስሞዝ የመጨረሻው መደብ ውስጥ ይወድቃል። ሁለተኛ ጊዜ ሲገባ ባላጋራ ሳይነካው ያልቃል ማለት ነው።

እሳትም እንደዚሁ ሁለቱንም ስለሚመታ 4 እጥፍ ነው። ፍሌምትሮወር የተባለው የእሳት ጥቃት 90 ኃይል አለው፤ ጥቃቱን የሚሰነዝረው ራሱ የእሳት ፖኬሞን ከሆነ በ1.5 ተባዝቶ 135 ይሆናል፤ በ4 ሲባዛ ደግሞ 540። ይህን የሚችል ፖኬሞን ጥቂት ነው። በራሪና ብረትም በፍሮስሞዝ ላይ እጥፍ ናቸው።

እንደዚያም ሆኖ ፍሮስሞዝ የሚጣል አይደለም፤ ሦስት ነገር ያስተካክሉለት። መጀመሪያ ችሎታውን ይመልከቱ። ሺልድ ደስት ከሆነ አቢሊቲ ፓች በተባለው ዕቃ ወደ ድብቁ ችሎታ፣ ወደ አይስ ስኬልስ፣ ይቀይሩት። አይስ ስኬልስ እንደ ፍሌምትሮወር ያሉ የስፔሻል (አካላዊ ያልሆኑ) ጥቃቶችን ጉዳት በግማሽ ስለሚቀንስ ያ 540 ወደ 270 ይወርዳል። በአካል የሚሰነዘሩ ጥቃቶችን ግን አያቆምም፤ አብዛኞቹ የዐለት ጥቃቶች ደግሞ አካላዊ ናቸው። ሁለተኛ፣ ሄቪ ዲዩቲ ቡትስ ያስይዙት። ይህ በእ.ኤ.አ. 2019 ከወጡት ሶርድና ሺልድ ጀምሮ ያለ ዕቃ ሲሆን የወጥመድ ጉዳትን ሙሉ በሙሉ ያስቀራል። ባላጋራ ኖክ ኦፍ ተጠቅሞ ጫማውን ካስጣለው ግን ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ ስለዚህ ኖክ ኦፍ ይኖረዋል ብለው በሚጠረጥሩት ፖኬሞን ፊት አያስገቡት።

ሦስተኛው በስካርሌትና ቫዮሌት ብቻ የሚሠራው፣ በግጥሚያ መካከል የፖኬሞንን ዓይነት የሚለውጠው ቴራ ነው። የፍሮስሞዝ ቴራ ውሃ ከሆነ፣ ሲለወጥ የመከላከያ ዓይነቱ ውሃ ብቻ ይሆናል፤ ለበረዶና ለነፍሳት ጥቃቶቹ ያለው የ1.5 ጭማሪ ግን አብሮት ይቀራል። ያው ፍሌምትሮወር አሁን 135 በግማሽ፣ ማለትም 67.5 ነው፤ አይስ ስኬልስ ሲጨመርበት 34 ገደማ። ቴራው የሚሠራው ጥቃቶች ከመሰንዘራቸው በፊት ስለሆነ እሳቱ ይመጣል ብለው በገመቱበት ተራ ላይ ቴራ አድርገው ኩዊቨር ዳንስ ይደንሱ። ስፔሻል ጥቃት፣ ስፔሻል መከላከያና ፍጥነቱ እያንዳንዳቸው 1.5 እጥፍ ይሆናሉ። ቴራ በአንድ ግጥሚያ ለአንድ ፖኬሞን አንዴ ብቻ መሆኑን ግን አይርሱ። ፍሮስሞዝን ከመረጡ ቴራውን ለእሱ ያስቀምጡ፤ ለሌላ ካዋሉት በኋላ እሱን ማስገባት ኪሳራ ነው።

ጥያቄ፦ ምንም ድክመት የሌለው ጥምረት አለ?

መልስ፦ በጥምረት ብቻ ዛሬ የለም። እስከ እ.ኤ.አ. 2013 ድረስ መንፈስና ጨለማ ነበር። የሴብልአይና የስፒሪቶምብ መንፈስነት ፍልሚያን ዜሮ ያደርጋል፤ ጨለማነታቸው ሳይኪክን ዜሮ ያደርጋል፤ የቀረው እርስ በርሱ ይጣፋል። በ2013 በኤክስና ዋይ ፌሪ ሲመጣ ይህ ጥምረት የመጀመሪያውን ድክመት አገኘ። እስካሁንም ያለው እሱ ብቻ ነው።

በችሎታ ታግዞ ግን አለ። ኢሌክትሮስ ነጠላ ኤሌክትሪክ ነው፤ የኤሌክትሪክ ብቸኛ ድክመት መሬት ነው፤ ሌቪቴት የተባለው ችሎታው ደግሞ መሬትን ዜሮ ያደርገዋል። እዚህ ላይ ብዙ ተጫዋች ይሳሳታል። ድክመት ማጣት ማለት መቋቋም ማለት አይደለምና። ኤሌክትሪክ በግማሽ የሚቀበለው ሦስት ዓይነት ብቻ ነው፤ ኤሌክትሪክ፣ በራሪና ብረት። የቀረው ሁሉ በሙሉ ኃይሉ ያርፍበታል። ኢሌክትሮስ ዘገምተኛም ስለሆነ ብዙ ጊዜ ባላጋራው ቀድሞ ይመታዋል።

በእኛ ሚዛን ሮቶም ዋሽ ይበልጠዋል። ኤሌክትሪክና ውሃ ነው፤ እሱም ሌቪቴት አለው፤ አንድ ድክመት ብቻ፣ ሣር፣ ይቀረዋል። በምላሹ እሳትን፣ ውሃን፣ በረዶንና በራሪን በግማሽ፣ ብረትን በሩብ ይቀበላል። አንድ ድክመት ኖሮት አምስት ዓይነት የሚቋቋም ፖኬሞን፣ ምንም ሳይኖረው ሦስት ብቻ ከሚቋቋመው ይልቅ ብዙ ጊዜ ሜዳ ላይ ይቆያል።

ሁለቱም የቆሙት በሌቪቴት ላይ ስለሆነ ሌቪቴትን የሚያፈርስ ነገር ሁለቱንም ያፈርሳቸዋል። ግራቪቲና ስማክ ዳውን ወደ መሬት ያወርዷቸዋል፤ ጋስትሮ አሲድ ችሎታውን ያጠፋዋል፤ ሞልድ ብሬከር ያለው ኤክስካድሪል ደግሞ የመሬት ጥቃት የሆነውን ኧርዝክዌክን ሌቪቴት እንደሌለ አድርጎ ይመታል። ኤክስካድሪልን ሲያዩ ሞልድ ብሬከር ድብቅ ችሎታው መሆኑን ያስታውሱ፤ ሌሎቹ ችሎታዎቹ በአሸዋ ማዕበል የሚሠሩ ስለሆኑ አሸዋ ሳይኖር ከመጣ የበለጠ ይጠርጥሩት።

ጥያቄ፦ ሼዲንጃ 13 ዓይነት ጥቃት አይነካውም ይባላል። ታዲያ ለምን ሁሉም አይጠቀምበትም?

መልስ፦ የተባለው እውነት ነው። ነፍሳትና መንፈስ የሆነው ሼዲንጃ ወንደር ጋርድ አለው፤ እጥፍ የሚመቱት እሳት፣ በራሪ፣ ዐለት፣ መንፈስና ጨለማ ብቻ ያገኙታል። ሙሉ ደሙ ግን ምንጊዜም 1 ነው፤ ወንደር ጋርድ የሚያግደውም ጥቃትን ብቻ ነው። መርዝ፣ ቃጠሎ፣ የአሸዋ ማዕበል፣ ሊች ሲድ፣ ስቴልዝ ሮክና ስፓይክስ በሙሉ ይጥሉታል፤ ግራ ተጋብቶ ራሱን ከመታም ያልቃል። ፎከስ ሳሽ ካስያዙት አንድ ጥቃት ያልፋል፤ ወጥመድ ላይ ግን አያድነውም። ቡትስ ካስያዙት ወጥመዱን ያልፋል፤ የመጀመሪያው የእሳት ምት ግን ይጥለዋል። የሚያዘው ዕቃ አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለቱን ማሟላት አይቻልም። እንጠቀምበት ካሉ ሬፒድ ስፒን ወይም ዲፎግ የሚያውቅ አጋር ወጥመዱን ሳያጸዳ አያስገቡት።

ለማግኘት፦ ኒንካዳን እስከ ደረጃ 20 ያድርሱ፤ ሲያድግ በቡድኑ ውስጥ አንድ ክፍት ቦታ፣ በቦርሳው ደግሞ ቢያንስ አንድ ተራ ፖኬቦል ይኑር። ኒንካዳው ኒንጃስክ ሲሆን ሼዲንጃ ክፍቱ ቦታ ላይ ይገኛል። ስድስቱም ቦታ ከሞላ አይመጣም።

ጥያቄ፦ ስዋምፐርት አንድ ድክመት ብቻ አለው፤ ግን 4 እጥፍ ነው። ታይራኒታር ሰባት አለው። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ድክመት መቁጠር ብቻውን አይበቃም፤ ያ ጥቃት ምን ያህል ይዘወተራል፣ አጋርስ ሊቀበልልኝ ይችላል ወይ ብለው ይጠይቁ። ውሃና መሬት የሆነው የስዋምፐርት ድክመት ሣር ነው። ሣርን እሳት፣ ሣር፣ መርዝ፣ በራሪ፣ ነፍሳት፣ ድራጎንና ብረት በግማሽ ይቀበሉታል፤ ስለዚህ አጋር ማግኘት ቀላል ነው። ከሁሉ የምንመርጠው ኮርቪናይትን ነው። ብረትና በራሪ ስለሆነ ሣር ሩብ ብቻ ያርፍበታል። የእሱ ድክመቶች እሳትና ኤሌክትሪክ ናቸው፤ ስዋምፐርት የመጀመሪያውን በግማሽ ይቀበላል፣ ሁለተኛው ጨርሶ አይነካውም። አንዱ ሲጨነቅ ሌላው ይገባል። አንድ ጥንቃቄ፦ ኮርቪናይት ሩስት ብሎ ደሙን በሚመልስበት ተራ በራሪነቱ ለጊዜው ይጠፋል፤ ከእሱ በኋላ የሚመታ ኧርዝክዌክ በብረቱ ላይ እጥፍ ያርፋል።

የስዋምፐርት የተደበቀ ጠላት ፍሪዝ ድራይ ነው። ተራ የበረዶ ጥቃት ውሃ ላይ ግማሽ፣ መሬት ላይ እጥፍ ስለሆነ በስዋምፐርት ላይ 1 ይወጣል። ፍሪዝ ድራይ ግን ውሃንም እጥፍ እንዲመታ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ውጤቱ 4 ነው። ሪንዶ ቤሪ ቢያስይዙት ከሣር አንዴ ያድነዋል፣ ከፍሪዝ ድራይ ግን አያድነውም።

ዐለትና ጨለማ የሆነው ታይራኒታር ሰባቱን ድክመቶች የሚሸከመው በአሸዋው ነው። ሳንድ ስትሪም የተባለውን ችሎታ ይዞ ሲገባ ማዕበሉ ይነሳል፤ በማዕበል ውስጥ የዐለት ፖኬሞኖች ስፔሻል መከላከያ 1.5 እጥፍ ይሆናል። በዚህ ምክንያት እጥፍ የሚመታውን የውሃ ወይም የሣር ስፔሻል ጥቃት ብዙ ጊዜ ተርፎ ይመልሳል። አንዱን ብቻ ይፍሩለት፤ ፍልሚያ 4 እጥፍ ነው። ቾፕል ቤሪ አንድ ጊዜ ያንን ወደ 2 ያወርደዋል።

በተቃራኒው ትንሽ ድክመት የሚያታልልበት ማላማር ነው። ጨለማና ሳይኪክ ስለሆነ ሁለት ድክመት ብቻ አለው፤ ፌሪ እጥፍ፣ ነፍሳት 4 እጥፍ። የነፍሳት ጥቃት ማን ያመጣል እንዳይሉ፤ ዩ ተርን ነፍሳት ነው፤ ብዙ ፖኬሞን ይማረዋል፤ 70 ኃይሉ በማላማር ላይ 280 ይሆናል፤ መቺውም ወዲያው ይወጣና ሌላ ያስገባል።

ጥያቄ፦ መንፈስና ፍልሚያ ጥቃት አንድ ላይ ያለው ፖኬሞን የሚያቆመው የለም ሲባል ሰምቼ አናይሂሌፕን ይዣለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ አንድ ጥምረት ብቻ ያቆመዋል። መንፈስን በግማሽ የሚቀበለው ጨለማ ብቻ ነው፤ ፍልሚያ ደግሞ ጨለማን እጥፍ ይመታል። ኖርማል መንፈስን ዜሮ ያደርጋል፤ ፍልሚያ ግን ኖርማልን እጥፍ ይመታል። ኖርማልና መንፈስ በአንድ ገላ ሲገናኙ ሁለቱም ዜሮ ይሆናሉ። ይህን ጥምረት በእ.ኤ.አ. 2022 በሌጀንድስ አርሴውስ የመጣው የሂሱይ ዞሮአርክ ይዞታል። ኖርማል፣ ፍልሚያና መንፈስ አይነኩትም፤ ድክመቱ ጨለማ ብቻ ነው። ለአናይሂሌፕዎ ሦስተኛ ጥቃት አድርገው ከሌላ ዓይነት አንድ ያስተምሩት።

ጥያቄ፦ በፖኬሞን ጎ ይኸው ስሌት ይሠራል?

መልስ፦ ማባዛቱ ይሠራል፤ ቁጥሮቹ ግን ይለያሉ። እጥፍ የነበረው 1.6፣ 4 እጥፍ የነበረው 2.56፣ ግማሽ የነበረው 0.625 ነው። ዜሮ የለም፤ በሌሎች ጨዋታዎች የማይነካ የነበረ ጥቃት እዚህ 0.39 ይመታል። የራስ ዓይነት ጭማሪም 1.2 ነው። ችሎታ ስለሌለ ሮቶም ዋሽና ኢሌክትሮስ በመሬት ጥቃት 1.6 ይመታሉ።

ጥያቄ፦ ፖኬሞን ሦስት ዓይነት ሊኖረው ይችላል?

መልስ፦ በግጥሚያ ውስጥ ለጊዜው፣ አዎ። ትሬቨናንት በፎረስትስ ከርስ ሣርን፣ ጎርጋይስት በትሪክ ኦር ትሪት መንፈስን በባላጋራው ላይ ይጨምራሉ። ያ ፍሮስሞዝ ሣር ቢጨመርበት እሳት 8 እጥፍ ይመታዋል። ግን ተራ ያስወጣል፤ 4 እጥፍ ብቻውን በሚጥለው ላይ ተራ ማባከን ነው፤ ባላጋራ ፖኬሞኑን ካስወጣውም የተጨመረው ዓይነት ይጠፋል። ጠቃሚ የሚሆነው ጥቃትዎ 1 ብቻ በሚመታው ወፍራም ፖኬሞን ላይ ነው። ኖርማል ላይ ትሪክ ኦር ትሪት ግን አይጠቀሙ። መንፈስ በመንፈስ ላይ እጥፍ ቢሆንም በኖርማል ላይ ዜሮ ስለሆነ ብዜቱ ዜሮ ሆኖ ይቀራል፤ ጭራሽ ፍልሚያ ያልፍበት የነበረውን በር ለባላጋራዎ ዘግተውለታል።