‹ዲሊት አደረግሁት› ማለት ስሕተት ነውን?

ጥያቄ፦ በትርጉም ሥራ የምተዳደር አንባቢ ነኝ። ስለ ኡዝቤክኛና ስለ እንግሊዝኛ የቃላት አፈጣጠር ሳነብ፣ አንዱ ቅጥያ በመደራረብ፣ ሌላው ስምን እንዳለ ግስ በማድረግ ቃል እንደሚያበዛ ተረዳሁ። የአማርኛ መንገድ የትኛው ነው? ‹ፋይሉን ዲሊት አደረግሁት› ማለትስ ከሰዋስው ውጭ ነውን?

መልስ፦ ከሰዋስው ውጭ አይደለም፤ በጽሑፍ ግን አልመርጠውም። ምክንያቱን ለማስረዳት ከራስዎ ንጽጽር ልነሣ።

ኡዝቤክኛ ከቱርክ ቋንቋዎች ቤተሰብ እንደ መሆኑ ሥሩን ሳይነካ ከኋላው ቅጥያ ያስከትላል፤ ‹ኢሽ› ሥራ፣ ‹ኢሽቺ› ሠራተኛ፣ ‹ኢሽቺላሪሚዝ› ደግሞ ሠራተኞቻችን ማለት ነው። ልብ ብለው ካዩት የእኛም ‹ሠራተኞቻችን› የተገነባው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ ሥራው፣ ቀጥሎ ‹-ተኛ›፣ ከዚያ የብዙ ቁጥሩ ምልክት፣ በመጨረሻ ‹የእኛ› መሆኑ። ስለዚህ ቅጥያ ለአማርኛ እንግዳ አይደለም።

ልዩነቱ የሚጎላው ከባዕድ ስም ግስ ሲወጣ ነው። እንግሊዝኛ ‹ቴሌፎን› የሚለውን ስም ምንም ሳይጨምርበት ‹ደወለ› ለማለትም ይጠቀምበታል። ኡዝቤክኛ ‹ቴሌፎን ቅልዲ› ይላል፤ ‹ቅልዲ› አደረገ ማለት ነውና የጠየቁኝ አነጋገር እዚያም አምሳያ አለው። አማርኛ ግን ከዚህ የጠለቀ ሌላ ጥበብ አለው። ከጣሊያንኛ የመጣውን ‹ፊርማ› ይመልከቱ፦ ቋንቋችን ከቃሉ ፈ፣ ረ፣ መ የሚሉትን ሦስት ተነባቢዎች ለይቶ በራሱ ቅርጽ አፈሰሳቸው፤ ‹ፈለገ፣ ፈላጊ፣ ተፈላለጉ› እንደምንለው ሁሉ ‹ፈረመ፣ ፈራሚ፣ ተፈራረሙ› አልን። ዛሬ ‹ውል ተፈራረሙ› የሚል ሰው የባዕድ ቃል መናገሩ ትዝ አይለውም፤ እኔ ከዚህ የበለጠ የቋንቋ ጉልበት ማሳያ አላውቅም።

ለዚህ ቅርጽ የማይመች እንግዳ ቃል ሲመጣ በ‹አደረገ› እናስተናግደዋለን። ይህም ቢሆን ‹ከፍ አደረገ›፣ ‹ዝቅ አደረገ› የምንልበት የቆየ መንገዳችን እንጂ ከውጭ የተቀዳ አይደለም። ‹ዲሊት አደረገ› የማይጥመኝ ‹ሰረዘ› እና ‹አጠፋ› ስላሉን ነው፤ ‹ሰረዘ› ብንል ‹ተሰረዘ፣ አሰረዘ፣ ስረዛ፣ ሰራዥ› ተከታትለው ይወለዳሉ፣ ‹ዲሊት› ግን ከ‹አደረገ› እና ከ‹ተደረገ› አልፎ አይዋለድም። ትክክለኛ አቻ ባላገኘሁበት ቦታ፣ ለምሳሌ ‹ስካን አደረገ› ሲባል፣ እኔም ያለ ማመንታት እጽፈዋለሁ።