ዝንቦቹን ነው ወይስ መርዙን?

አንድ አንባቢ የሳይንስ ጽሑፍ ሲተረጉሙ «የዕፅዋት አንቲኦክሲዳንቶች የፍራፍሬ ዝንቦችን ከከባድ ብረት መርዝ ይከላከላሉ» ብለው ጻፉ። ጓደኛቸው «የፍሊት ማስታወቂያ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀባቸው። ማን ልክ ነው ብለው ይጠይቁኛል።

ጓደኛዎ። በዚህ ግስ ስናደድ ዓመታት አልፈዋል።

የ«ተከላከለ» ተሳቢ ጠላቱ ነው። ክትባት በሽታን ይከላከላል፤ ተከሳሽ ክሱን ይከላከላል። ስለዚህ «ዝንቦችን» ብለው ሲጀምሩ አንባቢው ማሰሪያ አንቀጹ ላይ የሚደርሰው ዝንቦቹን አባርሮ ነው። ግሱ የ«ከለከለ» ልጅ ነው፣ ግዕዙም «ከልአ» ይለዋል፣ የሚከለከል ደግሞ መጪው እንጂ ቤት ያለው አይደለም። «‹ከ› እስከገባ ግልጽ ነው፣ ‹ከለላ›ም የዚሁ ዘር ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም! «ከለላ» የ«ከለለ» ነው፤ የሱ ዘመድ ዙሪያውን የሚከበው «አክሊል» ነው። አክሊል ደግሞ መርዝ አይመልስም።

ነገሩንም እንየው። መርዛማዎቹ ካድሚየምና ባዘቃ (ሜርኩሪ) ሴል ውስጥ ሲገቡ ድኝ ያለባቸውን ሞለኪውሎች እየያዙ ሴሉን ከጉዳት የሚጠብቀውን ግሉታታዮን የተባለ ሞለኪውል ያሟጥጣሉ፤ ያኔ ከኦክስጅን የሚወለዱት አጥፊ ሞለኪውሎች ልጓም ያጣሉ። ኩዌርሰቲንን የመሰሉ የዕፅዋት ውህዶች፣ ማለትም አንቲኦክሲዳንቶቹ፣ እነዚህን አጥፊዎች ያበርዳሉ። በሙከራ ጊዜ ዝንቦቹ ያሉበትን ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ጠቅ ሲያደርጉት ጤነኛዋ ግድግዳውን ይዛ ሽቅብ ትወጣለች፣ ክፉኛ የተመረዘችው ታች ትቀራለች። የዕፅዋቱ ሥራ እሷን ማገዝ ነው፤ የእርስዎ ዐረፍተ ነገር ግን ያግዳታል።

(በነገራችን ላይ፣ እርሳስና ባዘቃ ብረት አይደሉም፤ ብረት ራሱ የአንድ ንጥረ ነገር ስም ነው። «ከባድ ብረታ ብረት» ይበሉ።)

«የከባድ ብረታ ብረትን ጉዳት ይከላከላሉ» ቢሉ ልክ ነው። «ዝንቦቹን ከመርዙ ይጠብቃሉ»ም ልክ ነው። እኔ «ይታደጋሉ»ን እወዳለሁ፤ ለዝንብ በዛ ካሉኝ ይብዛ።

አሁን የሚያመኝን ልናገር። «ሰውነትን ከበሽታ ይከላከላል» የማይል ሰው ጠፍቷል፣ ሐኪሙም ጋዜጠኛውም ይለዋል። «ራስን መከላከል» ስንልስ? ራሴ ጠላቴ ነው ማለታችን አይደለም። እዚህ ላይ ተረትቻለሁ፤ «ሰውነትን»ና «ራስን» ለወሰዳቸው ሰው ለቅቄያለሁ። ዝንብ ግን ሁላችንም የምናባርረው ነገር ስለሆነ አልለቅም። «ይጠብቃሉ» ብለው ይላኩት።