የአጎት ደረሰኝ፦ ስለ መንግሥታት ክለቦችና ስለ ሒሳባቸው ጥያቄና መልስ

ቅዳሜ ማታ ድሬዳዋ ከዚራ፣ ጨዋታ በምናይባት ቤት፣ መንግሥታት በያዟቸው ክለቦች ሒሳብ ላይ ክርክሩ ጦፈ። ቬንትሌተሩ አንድ ብቻ ነው፣ ሙቀቱ እንደምታውቁት ነው፣ የማንቸስተር ሲቲና የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች ደግሞ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ወደ ስድብ ሊሄድ ሲል አንዱ “አቦ ይሄ ሰውዬ የሒሳብ ሰው አይደል እንዴ፣ እሱ ያስረዳን” አለና ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እውነት ነው፣ ከ20 ዓመት በላይ የሰው ደብተር ሳገላብጥ ኖሬያለሁ። ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ ላኩ አልኩ። ላካችሁ። ስድቡን አውጥቼ የቀረውን መልሻለሁ። ስማችሁን ትቼ ሰፈራችሁን ብቻ ጽፌያለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ደግሞ ቀድሜ ልናዘዝ፤ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። ይህን እያወቃችሁ አንብቡ።

ከሳቢያን፦ አንድ ሰው የገዛ ገንዘቡን በገዛ ክለቡ ላይ ቢያፈስ ማንን ምን አገባው?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ነው የሚጮኸው። ስታዲየም ይሥራ፣ አካዳሚ ይክፈት፣ የሴቶች ቡድን ያጠናክር፣ ማንም አይከለክለውም። የተገደበው ኪሳራው ነው። በእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ እስከ 2025/26 የሠራው ደንብ አንድ ክለብ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንዳይከስር ይል ነበር። ከዚያም ውስጥ 90ውን ባለቤቱ ከኪሱ መሸፈን ነበረበት። የታሰበው ባለቤቱ የሰለቸው ቀን ክለቡ ዕዳ ታቅፎ እንዳይሞት ነው። ይህ የሕጉ ጥሩ ፊት ነው። ሌላ ፊትም አለው፣ አልደብቅም፤ ቀድሞ ሀብታም የሆነው ሀብታም ሆኖ እንዲቀር ያግዛል። ትላልቆቹ ክለቦች ሕጉን የወደዱት ለድሃ አዝነው አይመስለኝም።

ከመጋላ፦ ታዲያ ገቢያቸውን ካሳደጉ ያበቃል አይደል? ማጭበርበሩ የቱ ጋ ነው?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት የአንድ ሱቅ ሒሳብ አየሁ። ሱቁ ከዓመት ዓመት ይከስራል፣ ባለቤቱ ደግሞ ከባንክ መበደር ይፈልጋል። በዓመቱ መጨረሻ ላይ አንድ ደንበኛ መጣና ያንን ሁሉ ሳሙና በሦስት እጥፍ ዋጋ ገዛው። ደረሰኝ ተቆርጧል፣ ገንዘቡ ገብቷል፣ ግብሩም ተከፍሏል። ሁሉም ነገር እውነት ነው። ደንበኛው ማነው ብዬ ሳጣራ የባለሱቁ አጎት ሆኖ ተገኘ። ሳሙናውንም አልወሰደውም! እዚያው ሱቅ ውስጥ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ገንዘቡ እውነተኛ ነው፣ ሽያጩ ግን ሽያጭ አይደለም። ልጁን የሚወድ አጎት ስጦታ ሰጥቶ ስጦታውን ገበያ ብሎ ጠራው።

በእግር ኳስ አጎቱ ስፖንሰር ነው። የፓሪሱን ክለብ ፒ ኤስ ጂን ከ2011 ጀምሮ የያዘው የካታር ገንዘብ ነው። ከዚያ የካታር ቱሪዝም ባለሥልጣን ለክለቡ በዓመት እስከ 200 ሚሊዮን ዩሮ እንደሚከፍል ተዘገበ። አስቡት፣ ማልያ ላይ እንኳ ሳይለጠፍ! የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ዩኤፋ ይህ በገበያ ዋጋ ይህን ያህል አያወጣም ብሎ ቆርጦ ገመተው። በ2014 ፒ ኤስ ጂና የአቡ ዳቢ ገንዘብ የያዘው ሲቲ እያንዳንዳቸው 60 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጡ፤ 40ው ታግዶ 20ው ብቻ ነው የተከፈለው። በቻምፒዮንስ ሊግም 21 ተጫዋች ብቻ እንዲያስመዘግቡ ተደረገ። ለእነሱ 20 ሚሊዮን ማለት እኛ ባጃጅ ውስጥ የምንረሳት ዝርዝር ሳንቲም ናት። ከሦስት ዓመት በኋላ ፒ ኤስ ጂ ኔይማርን በ222 ሚሊዮን ዩሮ ገዛ።

ከደቻቱ፣ የሲቲ ደጋፊ፦ ሲቲ ፍርድ ቤት ሄዶ ነፃ ወጥቷል። ለምን አትተዉትም?

ወንድሜ፣ ግማሹ ልክ ነህ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በኅዳር 2018 የጀርመኑ ዴር ሽፒገል መጽሔት ተሰርቀው የወጡ የክለቡን ኢሜይሎች አተመ። ከነዚያ አንዱ ስፖንሰሩ የአቡ ዳቢው ኢትሃድ አየር መንገድ ይከፍለዋል ከተባለው 67.5 ሚሊዮን ፓውንድ ውስጥ ራሱ የሚከፍለው 8 ሚሊዮኑን ብቻ ነው፣ ቀሪው ከባለቤቱ ኩባንያ ይመጣል የሚል ይዘት ነበረው። የአጎት ደረሰኝ ማለት ይህ ነው፣ እውነት ከሆነ። ክለቡ ኢሜይሎቹ ተሰርቀው፣ ከአውዳቸው ተቆርጠው የወጡ ናቸው አለ። በየካቲት 2020 ዩኤፋ ሲቲን ለሁለት ዓመት ከአውሮፓ ውድድር አገደውና 30 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። በሐምሌ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ እገዳውን ሻረ፣ ቅጣቱንም ወደ 10 ሚሊዮን አወረደ። የቀረችው 10 ሚሊዮን ምርመራውን ባለመተባበር ናት።

ለምን ሻረው? በሁለት ምክንያት። ከክሶቹ ከፊሉ አልተረጋገጠም። ከፊሉ ደግሞ በይርጋ ታገደ፤ የዩኤፋ ደንብ ከአምስት ዓመት በፊት የሆነን ነገር መክሰስ አይፈቅድም። ስለዚህ “ነፃ ወጣ” የሚለው ላልተረጋገጠው ይሠራል። ይርጋ ያገደውን ግን ፍርድ ቤቱ አላየውም፣ ሳይከፈት ነው የተዘጋው። ሁለቱን አትቀላቅላቸው። የእኛም ልጆች “ሌቦች፣ ዳኛ ገዙ” የሚሉትን ይተዉ፤ ዳኛ ተገዛ ለማለት ማስረጃ ይዞ መምጣት ነው።

ከአሸዋ፦ 115 ክስ ይላሉ። አንድ ክለብ 115 ዓይነት ጥፋት ከየት ያመጣል?

115 ዓይነት አይደለም፤ ጥቂት ዓይነት ሆኖ በየዓመቱ እየተቆጠረ ነው። ፕሪምየር ሊጉ ክሱን ያወጣው በየካቲት 2023 ነው። ሰዎች ቆጥረው እንደደረሱበት 54ቱ ትክክለኛ የሒሳብ መረጃ አለመስጠት ነው፣ ከ2009/10 እስከ 2017/18 ባሉት ዓመታት። 14ቱ የአሠልጣኝና የተጫዋች ክፍያን በሙሉ አለማሳወቅ። 5ቱ የዩኤፋን ደንብ፣ 7ቱ የኪሳራ ገደቡን ይመለከታሉ። 35ቱ ምርመራውን አለመተባበር ነው። ሲቲ ሁሉንም ክዷል።

እኔን የሚገርመኝ ያ 14 ነው። በሾለኩት ሰነዶች ላይ ማንቺኒ በሲቲ አሠልጣኝነቱ ጊዜ አቡ ዳቢ ካለ አል ጃዚራ ከሚባል ክለብ የአማካሪ ደመወዝ ነበረው ይባላል። እዚህ የአጎት ደረሰኝ ተገልብጧል። ቀድሞ ገቢው ነበር የሚነፋው፣ አሁን ወጪው ነው ሌላ ቤት የሚደበቀው። ለሒሳብ ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው።

ከገንደ ቆሬ፦ ኤቨርተን በአንድ ክስ 10 ነጥብ ወዲያው ተቀነሰበት። ሲቲ ግን ዓመታት ፈጀ። ይሄ ፍትሕ ነው?

ንዴትህ ይገባኛል፣ ግን ጉዳዮቹ አይመሳሰሉም። ኤቨርተን የኪሳራ ገደቡን ማለፉን ራሱ አምኗል። ክርክሩ በስንት አለፈ የሚል ብቻ ነበር፤ መልሱም 19.5 ሚሊዮን ፓውንድ ሆነ። በኅዳር 2023 ተቀጣ፣ በይግባኝ 10ሩ 6 ሆነ፣ በሚያዝያ ደግሞ ለሌላ ዓመት 2 ተጨመረበት። ኖቲንግሃም ፎረስትም አመነ፣ 4 ነጥብ ሄደበት። በሲቲ በኩል ግን ሊጉ የከሰሰው “የሰጠኸኝ ደብተር ራሱ ሐሰት ነው” ብሎ ነው። ያንን ለማረጋገጥ የዘጠኝ ዓመት ወረቀት ማገላበጥ አለ። ጉዳዩን የሰማው ገለልተኛ ኮሚሽን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 2024 ተቀምጧል። በመደመር የተሳሳተን ተማሪ ማረም አምስት ደቂቃ ነው። ኮርጀሃል ማለት ግን ሌላ ነው፣ አብሮት የተቀመጠውን ሁሉ መጠየቅ አለብህ።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ያመነው ቶሎ ይቀጣል፣ የካደው ጊዜ ይገዛል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ደግሞ ዋንጫ ይበላል። ይህ ለቀጣዩ ክለብ ምን ያስተምራል?

ከግሪክ ካምፕ፣ የኒውካስል ደጋፊ ነኝ (አዎ፣ በአጥቂው አሌክሳንደር ኢሳቅ ምክንያት)፦ ሳዑዲ ያን ሁሉ ገንዘብ ይዞ ለምን ልጃችንን ሸጠው?

እህቴ፣ ወላጆቹ ኤርትራውያን ስለሆኑ “ልጃችን” ማለትሽን ወደድኩት። እሱስ ራሱ መሄድ ፈልጎ ነው፣ ልምምድ እስከመተው ደርሶ ነበር። ሊቨርፑል 125 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ ወሰደው። ግን ጥያቄሽ ልክ ነው፤ ባለቤቱ ሀብታም መሆኑ ብቻ አይበቃም። በሰኔ 2024 የሒሳብ ዓመቱ ሊዘጋ ቀናት ሲቀሩት ኒውካስል ኤሊዮት አንደርሰንን ለፎረስት፣ ጋምቢያዊውን ሚንቴህን ለብራይተን የሸጠው ኪሳራው ከገደቡ እንዳያልፍ ነው። የሚሊዮኖች ሳይሆን የቢሊዮኖች ባለቤት፣ እንደ ወር መጨረሻ ደመወዝተኛ ሲፍጨረጨር።

ስለ ባለቤትነቱ ግን ሳልናገር አላልፍም። በጥቅምት 2021 የሳዑዲው የሕዝብ መዋዕለ ንዋይ ፈንድ 80 ከመቶውን ሲገዛ፣ ፕሪምየር ሊጉ “የሳዑዲ መንግሥት ክለቡን እንደማይቆጣጠር ሕጋዊ ዋስትና አግኝቻለሁ” አለ። የፈንዱ የቦርድ ሰብሳቢ የሳዑዲው አልጋ ወራሽ ናቸው! በ2023 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በጎልፍ ክስ ላይ ፍርድ ቤት እንዳይጠሯቸው ሲከራከሩ፣ የፈንዱ ኃላፊና የኒውካስል ሊቀመንበር የሆኑት ሰውዬ “በሥራ ላይ ያሉ የመንግሥት ሚኒስትር ናቸው” ብለው ጠበቆቻቸው ጻፉ። ለንደን ላይ መንግሥት አይደለንም፣ ካሊፎርኒያ ላይ መንግሥት ነን። ጉምሩክ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ቢመጣ እንኳን ኮንትሮባንዱ ጫማውም አያልፍለትም ነበር።

ከለገሃሬ፦ አንተ የአርሰናል ደጋፊ፣ ደረታችሁ ላይ ኤምሬትስ፣ ክንዳችሁ ላይም ለዓመታት “ሩዋንዳን ጎብኙ” ተጽፎ አያሳፍርህም?

ይህን ጠብቄው ነበር፣ ዋላሂ። መልሱ ሁለት ነው። በሒሳብ ዓይን አያሳፍርም። የክለቡ ባለቤት አሜሪካዊው ክሮንኬ ነው፤ ኤምሬትስም ሩዋንዳም ለእሱ ባዳ ናቸው። ባዳ የሚከፍለው ዋጋ የገበያ ዋጋ ነው፣ ተደራድሮ ነው የሚከፍለው። በሌላ ዓይን ግን ስንት ነገር የሚጎድለው አገር በ2018 ገንዘቡን ለለንደን ሀብታሞች እጅጌ ሲከፍል ሳይ አዎ፣ ጨጓራዬን ይነካኛል። ማልያውን ግን ገዝቻለሁ። ታይዋን ገበያ፣ ፎርጅድ።

ከአዲስ ከተማ፦ ጋሼ፣ ቼልሲ ያን ሁሉ ተጫዋች ገዝቶ እንዴት አመለጠ?

መጀመሪያ ጋሼ አትበለኝ፣ ድሬ ላይ ሁሉም አንተ ነው። በአጭሩ፦ የተጫዋች ዋጋ እንደ መኪና የእርጅና ቅናሽ በውሉ ዓመታት ይካፈላል። በ100 ሚሊዮን ለአምስት ዓመት ከገዛህ በዓመት 20 ትጽፋለህ፤ ለስምንት ዓመት ካስፈረምክ 12.5 ብቻ። ይህን ቀዳዳ በ2023 ወደ አምስት ዓመት አጠበቡት። ሁለተኛው፣ ቼልሲ ሁለት ሆቴሎቹን ለእህት ኩባንያው በ76.5 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠ። ከቀኝ ኪስ ወደ ግራ ኪስ። ዩኤፋ ግን እንዲህ ያለውን አይቆጥርም፣ በ2025ም ክለቡን 31 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አላመለጠም።

ከነምበር ዋን፦ የፈረንጁን ተወው። ድሬዳዋ ከተማስ በመንግሥት በጀት አይደል የሚኖረው?

ይኸው መጣ። አዎ። የእኛ ሊግ ውስጥ የከተማ አስተዳደር ክለብ አለ፣ የባንክ አለ፣ የመከላከያ አለ፣ የመብራት አለ። እኛ የመንግሥት ክለብ ብለን በሲቲ ስንስቅ ግማሹ ሊጋችን የመንግሥት ነው። ልዩነቱ የእኛው ስፖንሰር መስሎ አይመጣም፣ በጀት ተብሎ ነው የሚጻፈው። ይህ ቢያንስ ሐቅ ነው። ችግሩ ሌላ ነው፦ ከዚያ በጀት ለተጫዋች ምን ያህል እንደሄደ ደጋፊው የሚያየው ወረቀት የለም። በነሐሴ 2019 ክለቦቹ የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። ከዚያ በኋላ ጨዋታ የምናይባት ቤት ውስጥ ስለ “ከጠረጴዛ ሥር” ያልተወራ ቀን የለም።

ድሬ እኮ በዚህ አዲስ አይደለችም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሻምፒዮን የነበረው የድሬው ኮተን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቡድን ነበር። በ1962 የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ለኮተን ተጫውቷል። በ1976 የአፍሪካ ዋንጫ አንዱ ምድብ የተካሄደው እዚሁ ነው፣ ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮም እዚህ ነው የጀመረችው። ፋብሪካው ሲደክም ቡድኑም ደከመ። የአንድ ኪስ ጥገኛ መሆን ማለት ምን እንደሆነ ከማንቸስተር ሰው በፊት እኛ አይተነዋል።

ከአምስተኛ፦ አንድ ሼክ መጥቶ ብርቱካናማዎቹን (ድሬዳዋ ከተማን) ቢገዛልን ትቃወማለህ?

አልዋሽህም፣ አልቃወምም። የመጀመሪያው ቀን ስታዲየም ነኝ፣ ማልያዬን ለብሼ፣ ከሁላችሁም በላይ እየጮህኩ። ሰኞ ጠዋት ግን ቢሮው በር ላይ ታገኙኛላችሁ። ስፖንሰሩ ማነው፣ ስንት ከፈለ፣ ሳሙናውንስ ወስዷል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ።