የጊኒ ፒግሽ ሽንት ሕመም ለምን ይመላለሳል?

አንቲባዮቲኩ ባለቀ ቁጥር ሽንቷ መልሶ ደም የሚቀላቅል ከሆነ፣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የፊኛ ጠጠር ነው። ጠጠሩ እስካለ መድኃኒቱ ለጊዜው ያስታግሳል እንጂ አያድናትም። ሌላ ዙር ከማስጀመርሽ በፊት ራጅ እንዲያነሷት ጠይቂ። የጊኒ ፒግ ጠጠር አብዛኛው ካልሲየም ስለሆነ ራጅ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። ትልቅ ከሆነ የሚወጣው በቀዶ ጥገና ነው።

አልፋልፋ የሚባለውን መኖ የምትሰጫት ከሆነ አቁሚ፤ ላደገች ጊኒ ፒግ ካልሲየሙ ይበዛባታል። የሳር ድርቆሽ ሁሌም ፊቷ ይኑር። ቆስጣ ቀንሺ። ሰላጣ አጥበሽ ውኃው ሳይንጠፈጠፍ ስጫት።

የድሬዳዋ ውኃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋግረውን ነጭ ቅርፊት ታውቂዋለሽ፤ እሱም ካልሲየም አለበት። የታሸገ ውኃ ብትሰጫት አይከፋም። ዋናው ግን ብዙ መጠጣቷ ነው። በዚህ ሙቀት ውኃው ቶሎ ስለሚግል ቶሎ ቶሎ ቀይሪላት።

አንድ ነገር አደራ፦ ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ገዝተሽ እንዳትሰጫት። የአንጀቷን ጠቃሚ ባክቴሪያ አጥፍቶ ሊገድላት ይችላል። የማውቃት አንዲት ጊኒ ፒግ የሞተችው እንዲህ ነው። ጀርባዋን አጉብጣ እያማጠች ሽንት ጠብ ካላለላት ደግሞ ለነገ አትበዪ፤ በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ጋ አድርሻት።